ጭራቁና ሙያተኛው
ስለ ቦሪስ ካርሎፍ ሕይወትና ጠባይ በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ምሽት የተደረገ ንግግር




አዘጋጅ ኮሚቴው በዚህ ምሽት ከሙያችን ውጭ በሆነ ጉዳይ ላይ አጭር ንግግር እንዳደርግ ጠይቆኛል። ስለ አፈርና ስለ ሲሚንቶ ከመስማት መዳናችሁ ደስ ሳያሰኛችሁ አልቀረም። የመረጥሁት ርእስ ግን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። የምናገረው ስለ አንድ የአስፈሪ ፊልም ተዋናይ፣ ስለ ቦሪስ ካርሎፍ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ሰውየውን በስሙ የማያውቀው ብዙ ነው፤ በመልኩ የማያውቀው ግን ጥቂት ነው። አናቱ ጠፍጣፋ፣ ግንባሩ የተሰፋ፣ የዓይኑ ቆብ የከበደ፣ ካንገቱ ግራና ቀኝ ብረት ብቅ ያለበት ያ ግዙፍ ፍጡር እሱ ነው። በተለምዶ ፍራንከንስታይን እንለዋለን፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ፍራንከንስታይን የሠሪው ስም ነው። ሜሪ ሼሊ በ1818 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ የተሠራው ፍጡር ስም እንኳ አልተሰጠውም። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ባልደረቦቼም ይቅር የማይሉት ሌላ ስሕተት አለ፤ ባንገቱ ላይ ያለው ብሎን ሳይሆን ኤሌክትሮድ ነው። ሜካፑን የሠራው ጃክ ፒርስ ያስገባው ለኤሌክትሪኩ መግቢያ እንዲሆን ብሎ ነው። «ጭራቅ» የሚለው ቃላችንም ቢሆን በትክክል አይገጥመውም፤ የእኛ ጭራቅ ሰው በላ ነው፤ ይህኛው ግን መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ወደ ብርሃን ነው። የተሻለ ቃል ስላጣሁ ብቻ ጭራቅ እያልሁ እቀጥላለሁ።

ካርሎፍ በትክክለኛ ስሙ ዊሊያም ሄንሪ ፕራት ይባላል። በኅዳር ወር 1887 ለንደን ውስጥ ካምበርዌል በተባለ ሠፈር ተወለደ። ከዘጠኝ ልጆች የመጨረሻው ሲሆን፥ ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ ታላላቆቹ አሳደጉት። እግሩ ቄንጠር ያለ፣ አንደበቱም የሚንተባተብ ልጅ ነበር። ወንድሞቹ በእንግሊዝ መንግሥት የውጭ አገር አገልግሎት ተሰማርተው ስለነበር፥ እሱም የቆንስላ ሠራተኛ እንዲሆን ታስቦ ወደ ኪንግስ ኮሌጅ ተላከ። ልቡ ግን ቴያትር ላይ ነበር። በ1909 ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ካናዳ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ሃያ ዓመታት ስለ ታላላቅ ሰዎች ሲጻፍ እንደ ዋዛ የሚታለፉት ዓይነት ናቸው። እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው። በእርሻ ላይ በቀን ሠራተኛነት አገልግሏል፤ ቦይ ቆፍሯል፤ የድንጋይ ከሰል በአካፋ ዝቋል። ከከተማ ከተማ ከሚዘዋወሩ ትናንሽ የቴያትር ጓዶች ጋር እየዞረ፥ ጓዱ ሲከስር ወደ ጉልበት ሥራ ይመለስ ነበር። በሰኔ ወር 1912 ሬጃይና የተባለችውን የካናዳ ከተማ ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመታትና ሃያ ስምንት ሰዎች ሲሞቱ፥ ካርሎፍ ጓዱ ተበትኖበት እዚያው ነበር፤ ፍርስራሹን ለማንሣት ከተሰማሩት ጋር ሠርቷል። በኋላ ሎስ አንጀለስ ከገባም ወዲህ የፊልም ሥራ ሲጠፋ የሕንፃ መሥሪያ ዕቃ በጭነት መኪና ያመላልስ ነበር። እንግዲህ ከሙያችን ጋር ዝምድና የለውም አትበሉኝ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ወደ ሰማንያ በሚጠጉ ፊልሞች ውስጥ ታይቷል፤ ልብ ያለው ግን አልነበረም። በ1931 በዩኒቨርሳል ኩባንያ የምግብ አዳራሽ ተቀምጦ ሳለ ዲሬክተሩ ጀምስ ዌል አየውና አስጠራው። ካርሎፍ ይህን ሲያስታውስ ራሱን ነበር የሚያስቀው፤ ደኅና ልብሱን ለብሶ፣ ዛሬስ አምሮብኛል ብሎ ባመነበት ቀን የጭራቅ ሥራ ቀረበለት። ዕድሜው አርባ ሦስት ዓመት ነበር።

ጃክ ፒርስ ያን ፊት ለመሥራት በየማለዳው አራት ሰዓት ያህል ይፈጅበት ነበር። ጥጡን በኮሎዲየን እያጣበቀ ንብርብሩን ያሳድገዋል፤ በላዩ ላይ በጥቁርና ነጭ ፊልም ሲነሣ የሬሳ ንጣት የሚሰጥ አረንጓዴ ቀለም ይቀባዋል። እዚህ ላይ ካርሎፍ እንደ ሞዴል ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ዓይኖቼ ለእንዲህ ያለ ፍጡር ከመጠን በላይ ንቁ ናቸው ብሎ አመለከተ፤ በዚህም ምክንያት የዓይኑ ቆብ በሰም እንዲከብድ ተደረገ። ከአፉ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ አንዱ ጉንጩ እንዲጎደጉድ አደረገ። ጫማው አስፋልት የሚያነጥፉ ሠራተኞች የሚያደርጉት ዓይነት ሲሆን አንዱ አምስት ስድስት ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። በዚያ ጫማና በዚያ ድርብርብ ልብስ፥ በካሊፎርኒያ የበጋ ሙቀት፥ ሠሪውን ሆኖ የሚጫወተውን ኮሊን ክላይቭን ተሸክሞ ወደ ኮረብታው ወፍጮ ደጋግሞ እንዲወጣ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የጀርባው ሕመም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም።

ስለ ቤተ ሙከራው አንድ ቃል ሳልናገር ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። ያን ሁሉ ብልጭታ የሠራው ኬኔት ስትሪክፋደን የተባለ የኤሌክትሪክ ዐዋቂ ነው። መሣሪያዎቹ ከመሠራታቸው ጥንካሬ የተነሣ በ1974 በዚሁ ታሪክ ላይ የተሠራ የቀልድ ፊልም እነዚያኑ አስነሥቶ ተጠቅሞባቸዋል። አርባ ሦስት ዓመት ቆይቶ የሚሠራ የፊልም ዕቃ! ለቋሚ ግንባታ የምናስገባው ስንቱ ዕቃ እንዲህ እንደሚቆይ እናንተው ገምቱት።

ፊልሙ ወጣ። በመግቢያው ላይ የተዋንያኑ ስም ሲዘረዘር በጭራቁ ትይዩ የተጻፈው ጥያቄ ምልክት ብቻ ነው፤ የካርሎፍ ስም የሚመጣው በመጨረሻው ዝርዝር ነው። በመጀመሪያው ትርኢት ምሽት እንኳ ከተጋባዦቹ መካከል እንዳልነበረ ይነገራል። ሕዝቡ ግን ማን መሆኑን ለማወቅ አልዘገየም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። በዚህ ፊልም ሥራ ላይ ካርሎፍ ባንድ ወቅት ሃያ አምስት ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ሠርቷል። ይህ ቁጥር እኔን ከፊልሙ ይልቅ ያስደነግጠኛል፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በተመረቅሁ በሁለተኛው ዓመት፥ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ተቋራጭ ሥር በድልድይ ሥራ ላይ ነበርሁ። የኮንክሪት ሙሌት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተጀምሮ እስከ ማግስቱ ረፋድ ዘለቀ። ሙሌት መሐል ላይ እንዳይቋረጥ ቴክኒኩ ያስገድዳል፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሁለተኛ ፈረቃ እንዳይመደብ የሚያስገድድ ቴክኒክ ግን የለም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቫይብሬተር ይዞ የነበረ ወጣት ቆሞ ሳለ እንቅልፍ ጣለውና ከመወጣጫው ወደቀ። እግሩ ተሰበረ። በመዝገቡ ላይ የሠፈረው ምክንያት የሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት የሚል ነበር። ተቃውሞዬን በጽሑፍ አቀረብሁ፤ መልስ የሰጠኝ የለም።

ካርሎፍ በ1931 ከደረሰበት በኋላ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ማንም አይፈርድበትም ነበር። ስሙ ወጥቷል፤ ከታላቅ ኩባንያ ጋር ውል አለው፤ በ1932 ደግሞ «ዘ ማሚ» የተባለው ፊልሙ ዝናውን አጽንቶለታል። በመጋቢት 1933 የፊልም ኩባንያዎቹ የአገሪቱን የገንዘብ ችግር ምክንያት አድርገው የተዋንያንን ደመወዝ ለስምንት ሳምንት በግማሽ ሲቀንሱ፥ ጥቂት ተዋንያን ተሰብስበው የስክሪን አክተርስ ጊልድን መሠረቱ። የሚሰበሰቡት በየግል ቤታቸው ነበር፤ ስማቸው ቢታወቅ ሥራ እንደሚያጡ ያውቁ ነበርና። ካርሎፍ ከመሥራቾቹ አንዱ ሲሆን የአባልነት ቁጥሩ ዘጠኝ ነው። ኩባንያዎቹ ለማኅበሩ ዕውቅና የሰጡት በ1937 ነው። ካርሎፍም ለብዙ ዓመታት በቦርዱ ውስጥ አገልግሏል።

በእኛ መካከል፥ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ደኅንነት መናገር የመሐንዲሶች ማኅበር ሥራ አይደለም፤ እኛ ስለ ሙያ ደረጃ እንነጋገር የሚል አስተያየት ሲሰነዘር በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። አስተያየቱን የሚሰነዝሩት የማከብራቸው ታላላቆቼ ናቸው። እኔ በበኩሌ ሃያ አራት ሰዓት ያልተኛ ሰው የሚነዝረው ኮንክሪት የሙያ ደረጃ ጉዳይ አይደለም ለማለት ይቸግረኛል። የነገው ስብሰባ አጀንዳ ይህን ስለሚነካ ዛሬ ከዚህ በላይ አልገፋበትም፤ ሊቀ መንበሩም ከወዲሁ እየተመለከቱኝ ነው።

ስለ ጠባዩ ግን ብዙ የሚነገር አለ። በፊልሙ ውስጥ ጭራቁ በሐይቅ ዳር ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር አበባ እየጣለ የሚጫወትበት ክፍል አለ። አበባው ሲያልቅ፥ እሷም የምትንሳፈፍ መስሎት ወደ ውኃው ይወረውራታል። ልጅቱ ማሪሊን ሃሪስ ትባላለች። ወደ ሐይቁ በሚኬድበት ማለዳ፥ ያን ፊት ለብሶ የቆመውን ሰው አይታ ከመሸሽ ይልቅ እጁን ይዛ ከእሱ ጋር በአንድ መኪና እሄዳለሁ አለች ይባላል። ካርሎፍ የመወርወሩን ነገር አልወደደውም፤ ለዲሬክተሩም ተቃውሞውን ገልጾለታል። ዌል አልተቀበለውም። ያ ቁራጭ በኋላ በሳንሱር ተቆርጦ ወጣና ወደ ፊልሙ የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው። የሚገርመው፥ ተቆርጦ በነበረበት ዘመን ተመልካቹ የሚያየው የተዘረጉትን እጆች፣ ቀጥሎም አባቷ ሬሳዋን ታቅፎ ሲመጣ ስለነበር የባሰ ነገር ይገምት ነበር። ቆራጮቹ ጭራቁን ይበልጥ ጭራቅ አደረጉት ማለት ነው።

ልጆች ይጽፉለት ነበር። የሚጽፉለትም ፈርተው ሳይሆን ለጭራቁ አዝነው መሆኑን እየደጋገመ በደስታ ያወራ ነበር። ለሚሠራቸው ፊልሞች «ሆረር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አይወደውም፤ ማስጸየፍን ያመለክታል ይል ነበር። እሱ የሚሻው ቃል «ቴረር» ነበር፤ በእኛ አነጋገር ማንቀጥቀጥ ሊባል ይችላል። ማንቀጥቀጥና ማቅለሽለሽ የተለያዩ መሆናቸውን ዛሬ የሚሠሩትን አንዳንድ ፊልሞች ያየ ሰው ይመሰክራል።

በ1933 ለሥራ ወደ እንግሊዝ አገር ሲመለስ ወንድሞቹን ካየ ወደ ሃያ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። የተከበሩ ሹማምንት ናቸው፤ አንደኛው በቻይና በቆንስላነት ያገለገለው ሰር ጆን ፕራት ነው። የቤተ ሰቡ መጥፎ ልጅ ጭራቅ ሆኖ መጣ ይሉኛል ብሎ ሰግቶ ነበር። ለጋዜጣ ፎቶግራፍ አብረውት እንዲነሡ ሲጠየቁ ግን እነዚያ ሽማግሎች ማን በየት በኩል ይቁም በሚል እንደ ልጅ ተሻሙ። ካርሎፍ ይህን ሲያወራ ከልቡ ይስቅ ነበር።

በራሱ ላይም መሣቅ ያውቅ ነበር። በ1941 በብሮድዌይ በታየው «አርሰኒክ ኤንድ ኦልድ ሌስ» በተባለው ቀልደኛ ቴያትር የተጫወተው፥ ቦሪስ ካርሎፍን ትመስላለህ በተባለ ቁጥር በቁጣ የሚነድ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከዕድሜው ግማሹን ኖሮ የአሜሪካን ዜግነት አልወሰደም፤ ስሙንም በሕግ አላስለወጠም። ክሪኬት ይጫወት፣ አትክልቱን ይኮተኩት ነበር። በ1966 ለልጆች በተሠራው «ግሪንች» በተባለው የካርቱን ፊልም ውስጥ ድምፁን ሰጠ፤ ለዚሁም የግራሚ ሽልማት አገኘ። ያ የሚንተባተብ ልጅ በድምፁ ተሸለመ።

የመጨረሻ ዓመታቱ ቀላል አልነበሩም። ሳንባው ታሞ ኦክስጅን አጠገቡ ይቀመጥ ነበር፤ እግሩ በብረት ድጋፍ ይቆም ነበር። በዚህ ሁኔታ ሳለ ፒተር ቦግዳኖቪች የተባለ ወጣት ዲሬክተር «ታርጌትስ» ለተባለው ፊልም ፈለገው። ካርሎፍ ለፕሮዲዩሰሩ ለሮጀር ኮርማን የሁለት ቀን ሥራ ዕዳ ነበረበት፤ ጽሑፉን ከወደደው በኋላ ግን አምስት ቀን ሠራ፤ ለተጨማሪዎቹ ቀናት ክፍያ እንዳልተቀበለም ይነገራል። ስለ ሰዓት ሲሟገት የኖረ ሰው ይህን ማድረጉ እርስ በርሱ የሚጋጭ የሚመስላቸው ይኖሩ ይሆናል፤ ለእኔ አይመስለኝም። የራሱን ጊዜ ሲሰጥ የጠየቀውም ያስገደደውም አልነበረም።

በዚያ ፊልም ውስጥ የእውነተኛው ዓለም ግድያ የእሱን አስፈሪነት ተረት አድርጎበት ሥራውን ሊተው የወሰነ አዛውንት ተዋናይ ሆኖ ይጫወታል። አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ፥ ከሞት ለማምለጥ ከባግዳድ ወደ ሰመራ ስለ ሸሸ አገልጋይ የሚናገር የጥንት ተረት ይተርካል። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ፊቱ ይቀርባል። ሜካፕ የለበትም፤ ሰም የለበትም፤ የሰማንያ ዓመት ሰው ፊት ብቻ ነው። ተረቱን ካንድ ጫፍ እስከ ሌላው በአንድ ጊዜ ቀረጻ ጨረሰው። ካሜራው ሲቆም የቀረጻው ሠራተኞች አጨበጨቡለት።

ፊልሙ በ1968 ታየ። ካርሎፍ በየካቲት 2 ቀን 1969 በእንግሊዝ አገር ሚድኸርስት በተባለ ቦታ በሆስፒታል ዐረፈ።