ለአሮጌዋ ሳብራ አዲስ ሞተር

(የሞተር ድምፅ፤ ተነስቶ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

ዛሬ ወሬያችን ስለ ሳብራ ነው። አዎ፣ እስራኤልም የስፖርት መኪና ሠርታለች! የሐይፋው አውቶካርስ ከእንግሊዙ ሪላያንት ጋር ሆኖ በ1961 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኒው ዮርክ ላይ ለእይታ አቀረባት። አካሏ ፋይበርግላስ፣ ሞተሯ የፎርድ ኮንሱል፤ አራት ሲሊንደር፣ 1.7 ሊትር። ለስፖርት መኪና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያንሳል። ሪላያንት ራሱ በ1962 ለእህቷ ለሴበር ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2.6 ሊትር ሞተር ገጠመላት።

ታዲያ ዛሬ ዘመናዊ ሞተር ቢገባላትስ? ማስቀመጡ ቀላሉ ነው። ሞተሩ የሚቀመጥበት ሱፖርቶ ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል፤ ካምቢዮው አልገጥም ካለም አብሮ ይቀየራል። ራስ ምታቱ ነዳጁ ላይ ነው። የድሮው የካርቡራተር ፓምፕ ግፊት አንድ ባር እንኳ አይሞላም፤ የዘመናዊው ሞተር ኢንጀክሽን ግን ሦስት ባር አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ፓምፑም፣ ቱቦውም፣ ትርፉን ወደ ታንኩ የሚመልሰው መስመርም አዲስ ይሆናል። ከዚያ የሞተሩ ኮምፒውተር አለ፤ አንድ ሴንሰር ከጎደለው ያኮርፋል። የፈረስ ጉልበቱ ጨምሮ ፍሬኑ የድሮው ከሆነ ደግሞ፣ እኔ በበኩሌ አልሳፈርም።

ሕጉስ? በእስራኤል 30 ዓመት የሞላው መኪና በሰብሳቢ ተሽከርካሪነት ሊመዘገብ ይችላል፤ የሚፈለገው ግን የቀድሞ ይዘቱን እንዲጠብቅ ነው። የሞተር ዓይነት መለወጥ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ብየዳው ሳይጀመር ወረቀቱን መጨረስ ነው።