ሀናዲ አል-ሂንዲና የሳዑዲ ሰማይ

የአየር ትርኢት አብራሪነት፣ ማለትም አውሮፕላንን በተመልካች ፊት እየገለባበጡና እያሽከረከሩ የማብረር ጥበብ፣ ሲወሳ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሣው አንዷ ጥቁር አሜሪካዊቷ ቤሲ ኮልማን ስትሆን፣ የአገሯ የበረራ ትምህርት ቤቶች ስላልተቀበሏት ፈረንሳይኛ አጥንታ ወደ ፈረንሳይ በመሻገር በ1921 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የአብራሪነት ፈቃድ አግኝታለች። በሳዑዲ ዓረቢያ ከዚህ ታሪክ ጋር የሚቀራረበው የሀናዲ አል-ሂንዲ ነው፤ መካ የተወለደችው ሀናዲ ትርኢት አሳይ ባትሆንም፣ አብራሪነትን ለመማር እንደ ቤሲ ድንበር መሻገር ግድ ሆኖባት የሠለጠነችው በዮርዳኖስ መዲና በአማን ነበር።

ዋና መሥሪያ ቤቱ ሪያድ የሚገኘውና የልዑል አል-ወሊድ ቢን ጠላል የሆነው ኪንግደም ሆልዲንግ ኩባንያ በ2004፣ ትምህርቷን ሳትጨርስ፣ የልዑሉን የግል ጄት እንድታበር የ10 ዓመት ውል ያስፈረማት ሲሆን፣ በ2005 በአማን ተመረቀች። ይሁን እንጂ የአብራሪነት ፈቃድ የሚሰጠው በየአገሩ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በመሆኑና በ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት መሠረት የአንድ አገር አውሮፕላን አብራሪ ፈቃዱን ከዚያው አገር ማግኘት ወይም እዚያ ማስጸደቅ ስላለበት፣ ሀናዲ በሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ለማብረር ፈቃድ ያገኘችው በ2014 ነው። በሪያድ ጎዳናዎች መኪና መንዳት ለሴቶች የተፈቀደው ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ሰኔ 24 ቀን 2018 በመሆኑ፣ ጄት ማብረር የሚፈቀድላት ሴት ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የምትሄደው ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ነበር፤ ነገሩ ቀልድ ቢመስልም እውነት ነበር።

ክልከላ በአንድ ቀን ሊነሣ ቢችልም የበረራ ሰዓት ግን በአዋጅ አይገኝም፤ የአየር መንገድ ካፒቴን፣ ማለትም የአውሮፕላኑ አዛዥ፣ ለመሆን በረዳት አብራሪነት ብዙ ሰዓት ማጠራቀም ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2002 በረዳት አብራሪነት ጀምራ ለካፒቴንነት የበቃችው በ2010 ነበር። ፍላይአዲል የተባለው የሳዑዲ አየር መንገድ በግንቦት 2022 ሴቶች ብቻ የሠሩበትን የመጀመሪያውን የአገሪቱን በረራ ከሪያድ ወደ ጅዳ ሲያደርግ፣ ከሰባቱ የበረራ ሠራተኞች አብዛኞቹና ረዳት አብራሪዋ ሳዑዲያውያን ሲሆኑ፣ ካፒቴኗ ግን የውጭ አገር ዜጋ ነበረች።