ሁለተኛው መዝገብ

(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ያሰሙት ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ መዋጮ አይደለም፤ አትደንግጡ። ስለ አንድ ደብተር ነው።

እንደምታውቁት ትልቁ መዝገባችን የሚያውቀው ማን እንደ ከፈለ፣ ማን እንዳልከፈለና ማን ከቀብር እንደ ቀረ ብቻ ነው። የቀረ ሰው ከስሙ ትይዩ «ቀሪ» ይባልበታል፤ ቅጣቱም ይከተላል። መዝገቡ ባይኖር ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ አግዳሚ ወንበሩም አይኖሩም ነበርና አንነቅፈውም። ነገር ግን በእሱ የተነሣ ያጠፋነውን እንናገር።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችንን ሁለት ቀብር ቀርተዋል ብለን ቀጣናቸው። አንድ ቃል ሳይናገሩ ከመቀነታቸው ፈተው ከፈሉ፤ እኛም ደረሰኝ ቆረጥንላቸው። በኋላ ስንሰማ ለካ ከጓሯቸው ተከራይታ የምትኖር ዘመድ የሌላት ልጅ አራስ ሆና ታማ ኖሯል። ሌሊት አጠገቧ ሲያድሩ፣ አጥሚት ሲያጠጧት፣ ሕፃኑን ታቅፈው ሲያባብሉ የሰነበቱት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ የእድር አባል ስላልሆነች መዝገባችን እሷንም አያውቃትም።

ገንዘቡን ብንመልስላቸው «ለድንኳኑ መጠገኛ ይሁን» ብለው እምቢ አሉ። ልጅቷን «ምነው ያን ጊዜ ሳትነግሪን?» ብንላት፣ «ማን ጠየቀኝ?» አለችን። ደብተሩን ያስገዛን ይኸው ቃል ነው።

ደግሞ የኮሮናውን ጊዜ አስቡ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ሳለ ድንኳን ሳንተክል ቀብረናል። እህል በር ላይ አስቀምጦ የሄደ፣ በአጥር ላይ ሆኖ ያጽናና ብዙ ነበር። ማን ማን እንደሆነ ዛሬ ብንጠያየቅ ግማሹን ረስተነዋል። የዚያን ወር መዋጮ ግን ተጽፎ ይገኛል፣ በሳንቲሙ!

በደብተሩ ላይ የሚጽፈው የተደረገለት ሰው ነው፤ ያደረገው አይጽፍም። የብር መጠን አይገባበትም፤ ከገባ ዕዳ ይሆናል። መጻፍ ለማይችል ተማሪ ልጅ ይጻፍለት። ፊደል ቢሳሳት አንስቅም፤ የኛም ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም።

አንዳንድ አባቶች «በጎ ሥራ ከተጻፈ መፎካከሪያ ይሆናል» ብለውናል። እውነት አላቸው፤ ስለዚህ በስብሰባ አይነበብም። «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ለሚለን፣ ከኮሚቴያችን አንዱ አንድ መስመር ልጻፍ ብሎ ተቀምጦ ሁለት ገጽ ሞላ። ወንድሙ የሞተ ዕለት የጫማውን ክር ማን እንዳሰረለት ሳይቀር ትዝ አለው። ጽፎ እንደ ጨረሰ ተነሥቶ ወደዚያው ሰው ቤት ሄደ። በአጥር ወሰን ተኳርፈው ስንት ዓመታቸው! ምን እንደተባባሉ አልጠየቅንም። የአጥሩ ጉዳይስ አሁንም ሽማግሌ ፊት ነው።

ደብተሩ ከዕቃ ቤቱ መስኮት ሥር፣ ከድስቶቹ አጠገብ ተቀምጧል። ዘወትር እሑድ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በሩ ክፍት ነው። ተከራዮችም ግቡ፤ አባል ናችሁ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሯል፤ የፊተኛው ጠፍቶብናልና አትቀየሙን።