ጓሮ ለማይወድ ሰው የሚሆን ጓሮ

በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ለአባላትና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር



ስለ ማኅበሩ ታሪክ፣ ስለ እድሩና ስለ ልጆች ትምህርት ከእኛ በፊት የተናገሩት ወገኖቻችን በሚገባ አስረድተዋል። ለእኛ የደረሰን ርእስ የጓሮ አትክልት ነው። ርእሱን ስንቀበል ግን በአንድ ነገር ተስማማን። አትክልት ለሚወድ ሰው አንናገርም፤ እሱ ሳይነገረውም ይተክላል። የምንናገረው ዶማ ሲያይ ወገቡን ለሚያመው፣ ከሥራ ደክሞ ለሚመጣ፣ «እኔና ጓሮ አንተዋወቅም» ለሚል ወገናችን ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለው ሰው ብዙ እንደሆነ እናውቃለን፤ ከመካከላችንም አለ።

እንዲህ የሚሉትን ሰዎች ምክንያታቸውን ብንጠይቃቸው ሦስት ነገር ይነግሩናል። አንደኛው ውሃ ነው። በአህያ ካሮ የሚመጣ ውሃ በገንዘብ ይገዛል፤ በገንዘብ የተገዛ ውሃ መሬት ላይ ማፍሰስ ያሳዝናል። ሁለተኛው አፈሩ ነው። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በክረምት እግር ይይዛል፣ በበጋ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሦስተኛውና ትልቁ ምክንያት ግን «ነገ እንሄዳለን» የሚለው ነው። ቤቱ የኪራይ ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ወደ አገር እንገባለን ወይም ወደ ሌላ አገር እናልፋለን፤ ታዲያ ለማን ብለን እንተክላለን?

ይህን ሦስተኛውን ምክንያት ማንም ሊንቀው አይገባም። የዚህ አካባቢ ታሪክ ራሱ የመምጣትና የመሄድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጦርነትና ረሃብ ያሰደዳቸው ወገኖቻችን ኡም ራኩባ ላይ አርፈው ነበር። ያው መጠለያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 እንደገና ተከፈተ፤ በ2021 መጀመሪያም ቱናይድባ ተጨመረ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ከዚያ የሸሹ ቤተሰቦች ወደ ገዳሪፍ መጡ። ከሁሉም ዘንድ የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ለጊዜው ነው» ይባላል። ጊዜው ግን ይረዝማል። «ለጊዜው ነው» በተባለበት ቤት ልጅ ይወለዳል፣ ልጁም ያድጋል።

ስለዚህ እኛ «አትሄዱም፣ ሥር ስደዱ» አንላችሁም። ይልቁንም ለሚሄድ ሰው የሚስማማ አተካከል አለ እንላለን። በአንድ ወር ውስጥ የሚበላውን ዝሩ። ቤት ስትቀይሩ ተሸክማችሁት የምትሄዱትን በቆርቆሮ ትከሉ። ዛፍ ከተከላችሁም ለሚቀጥለው ተከራይ መልካም ስም ትታችሁ ትሄዳላችሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የምንሰጣችሁ ዋና ምክር አንድ ነው። ውሃ ወደ ተክሉ አትውሰዱ፤ ተክሉን ውሃ ወደሚፈስበት ቦታ ውሰዱት።

በየሆሻችን ዚር አለ። ዚር እንደ አገራችን ጋን ከሸክላ የተሠራ ነው፤ ውሃው በገላው እያላበ ስለሚወጣና ስለሚተን የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። ያ ላብ እየተንጠባጠበ ሥሩን ሌሊትና ቀን ያረጥባል። ማንም ሳያጠጣው የሚጠጣ መሬት ይህ ነው። ከዚሩ ሥር ናዕናዕ ብትተክሉ ዓመቱን ሙሉ ለሻይ የሚሆን ቅጠል ታገኛላችሁ። ናዕናዕ ጥላና እርጥበት ይወዳል፤ ከጎረቤት አንድ ቅርንጫፍ ከነሥሩ ለምኖ መትከል ብቻ ነው። ከጥላው ጠርዝ፣ የጠዋት ፀሐይ በሚደርስበት ቦታ፣ በሶብላ ይበቅላል። በዚህም ሌላ ጥቅም ታገኛላችሁ፤ የዚሩን ጠብታ ተክሉ ሲጠጣው የሚጠራቀምና ትንኝ የሚፈለፈልበት ኩሬ አይኖርም።

ከዚሩ ሌላ ውሃ የሚፈስባቸው ቦታዎች አሉ። እጅ የምንታጠብበት፣ በኢብሪቅ ውዱእ የሚደረግበት፣ ስኒና ጀበና የሚለቀለቅበት፣ ሩዝና ምስር የሚታጠብበት ቦታ ነው። አንድ ቤተሰብ በቀን የሚደፋውን ይህን ንጹሕ እጣቢ ቢያጠራቅም ለጥቂት ቆርቆሮ አትክልት ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በረኪና ወይም ብዙ የዱቄት ሳሙና ያለበትን ውሃ ተክል ላይ አትድፉ፤ የሳሙናው ጨው ጥቁሩን አፈር ይበልጥ ያደርቀዋል። እጣቢውን ከሥሩ አፍስሱ እንጂ በጥሬው በሚበላ ቅጠል ላይ አትርጩ።

ይህ ውሃ ከየት እንደመጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ገዳሪፍ ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ሸዋክ ላይ ከአትባራ ወንዝ የሚሳብ ውሃ ነው። አትባራን የሚሞሉት ደግሞ ጓንግ፣ አንገረብና ሱዳኖች ሰቲት የሚሉት ተከዜ ናቸው። ከአገራችን ተራሮች የወረደ ውሃ ነው፤ በከንቱ ባይደፋ መልካም ነው።

ሁለተኛው ምክራችን ጥቁሩን አፈር አትታገሉት የሚል ነው። ይህ አፈር በአገራችን ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው ነው። ማሽላና ሰሊጥ በሰፊው የሚያበቅል ለም አፈር ቢሆንም ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲበዛበትም ውሃው አልሰርግ ብሎ ሥር ያበሰብሳል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ይህን አፈር ያሸነፉት በጉልበት ሳይሆን በዘዴ ነው። አፈሩን በእጃቸው ከፍ አድርገው ሰፊ መደብ ያወጣሉ፤ ትርፉ ውሃ በመደቡ መካከል ባለው ቦይ ይወርዳል። እኛም በጓሯችን አንድ ክንድ የሚሰፋና አንድ ስንዝር ከፍ ያለ መደብ ብናወጣ ለክረምት በቂ ነው።

መቆፈር ለማይፈልግ ሰው ደግሞ ቆርቆሮ አለለት። ያለቀ የዘይት ቆርቆሮ ወይም አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ወስዳችሁ ታቹን በምስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ሁለት እጅ ጥቁር አፈር፣ አንድ እጅ የኾር አሸዋ፣ አንድ እጅ የቆየና የደረቀ የፍየል በጠጥ ቀላቅላችሁ ሙሉት። አሸዋው ውሃ ያሳልፋል፣ በጠጡ ምግብ ይሆናል። እዚህ ላይ አጥብቀን የምናስጠነቅቀው ነገር አለ። በሰሊጥና በማሽላ እርሻ የፀረ አረምና የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን አጥባችሁም ቢሆን ለምግብ ተክል አትጠቀሙበት፤ ውሃም አትቅዱበት።

ሦስተኛው ምክር ማጠጣት ለሚረሳ ሰው ነው። ያልተቀባ የሸክላ ገንቦ እስከ አንገቱ ድረስ መሬት ውስጥ ቅበሩ፣ ውሃ ሙሉት፣ አፉን በክዳን ወይም በጠፍጣፋ ድንጋይ ግጠሙ። አፈሩ ሲደርቅ ውሃው በሸክላው አልፎ ወደ ሥሩ ይሄዳል፤ አፈሩ ሲረጥብ መውጣቱን ይቀንሳል። ዚሩ ከላይ የሚሠራውን ገንቦው ከታች ይሠራዋል። ቻይና ውስጥ ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ የእርሻ መጽሐፍ ይህንኑ ዘዴ ይገልጻል። በገንቦው ዙሪያ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ትተክላላችሁ፤ ውሃውን በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ እያያችሁ ትሞላላችሁ። አፈሩን በማሽላ ገለባ ብትጎዘጉዙት እርጥበቱ ይቆያል፤ ምስጥ እንዳይመጣባችሁ ግን ጉዝጓዙ ስስ ይሁን፣ ግንዱንም አይንካ።

አሁን ደግሞ መቼ ምን እንደሚተከል እንንገራችሁ። በአገራችን «ሰነፍ ገበሬ ይሞታል በሰኔ» ይባላል። እዚህ ግን ሰነፉም የሚድንበት ወቅት አለ።

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ኸሪፍ ነው። ገዳሪፍ ላይ በዓመት ወደ 600 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛው በእነዚህ ወራት ነው። ያኔ ሰማዩ ስለሚያጠጣላችሁ ባሚያ፣ ሱዳኖች ኩድራ የሚሉትን ሙሉኪያ፣ ዱባና ከርከዴ ዝሩ። ባሚያ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ፍሬ ይሰጣል፤ በሁለት ቀን አንዴ ካልተለቀመ ግን እንጨት ይሆናል። የተረፈውን እንደ ጎረቤቶቻችን ከትፋችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ ተፈጭቶ ወይካ ይሆናል።

የሰሊጥ አጨዳ አልቆ ብርዱ ሲገባ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ሽታ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ጅርጅር ዘርታችሁ በአራትና በአምስት ሳምንት ትበሉታላችሁ፤ ከሥሩ ሳትነቅሉ ብትቆርጡት ደግሞ ያቆጠቁጣል። ጎመን በኅዳር የተከለ ቤተሰብ ዐቢይ ጾም ሲገባ ቅጠል ከደጁ ይቀጥፋል።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ሰይፍ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ነው። ያኔ አዲስ ነገር አትዝሩ። ከዚሩ ሥር ያለው ናዕናዕ፣ ከገንቦው አጠገብ ያለው ተክልና ሽፈራው ካለፉ ይበቃል።

ሽፈራው ስንል ለሰነፍ ሰው የተፈጠረ ዛፍ ነው። ኮንሶዎች ከጥንት ጀምረው የአገራችንን ሽፈራው በየግቢያቸው ተክለው ቅጠሉን እንደ ጎመን ይበሉታል። ሱዳን ውስጥ የሚገኘው ዘመዱ ሩዋግ ይባላል፤ ማጥሪያ ማለት ነው፣ የተፈጨ ፍሬው የደፈረሰ ውሃ ስለሚያጠራ። ውሃው ቢጠራም ሳይፈላ አይጠጣ። ዛፉ ውሃ የሚተኛበትን ቦታ አይወድም፤ ከፍ ባለ ቦታ ትከሉት፤ ቁመቱ እጃችሁ ከማይደርስበት ሳያልፍ ቁረጡት፣ ይበልጥ ያቆጠቁጣል።

ሁለት የጤና ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2023 የደንጊ ትኩሳት ከተማችንን እንዴት እንዳስጨነቀ ታስታውሳላችሁ። ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በቤታችን በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው። ዚሩም ገንቦውም ይከደኑ፤ ከቆርቆሮ ሥር ውሃ የሚይዝ ሳህን አይቀመጥ። በ2024 ደግሞ ኮሌራ ገብቶ ነበር። በጥሬው የምትበሉትን ቅጠል ከጓሯችሁም ቢሆን በንጹሕ ውሃ እጠቡ። ፍየልን በተመለከተ ምክራችን አጭር ነው፤ የሆሹን በር ዝጉ፣ ካልሆነም ቆርቆሮውን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ።

በመጨረሻ ለምን ይህን ሁሉ እንደተናገርን እንግለጽ። ባሚያና ጅርጅር ከሱቅ አልጠፉም፤ ከኪሳችሁ ጥቂት ያተርፉላችኋል እንጂ ሀብታም አያደርጓችሁም። ከሱቅ እንደልብ የማይገኙት በሶብላና ጤና አዳም ናቸው። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ሽሮውን ያውቁታል፤ ሽሮው ውስጥ የገባውን በሶብላ ግን በቁሙ ያላዩት ብዙ ናቸው። ቡና ላይ የምትገባውን ጤና አዳም ከታሪክ በቀር የማያውቁ አሉ። ቋንቋ በትምህርት ቤት እናስተምራለን፣ በዓል በአዳራሽ እናከብራለን፤ ሽታን ግን በንግግር ማስተማር አይቻልም። ልጁ ቅጠሉን በጣቱ አሽቶ ማሽተት አለበት።

ጤና አዳም በዚህ ሙቀት ትንሽ ታስቸግራለች። ውሃ የማይተኛበት ቆርቆሮ፣ የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት ጥላ ስጧት፤ ከራኩባው ጠርዝ ብትሆን ይስማማታል። በሶብላ ግን ሙቀት አይፈራም። አንዴ ካፈራ ዘሩን ራሱ ይበትናል፤ በሚቀጥለው ኸሪፍ ሳትጠሩት ይመጣል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ የምንጠይቀው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ማጠጣቱን ለአንድ ልጅ ስጡት፤ ቆርቆሮው የእሱ ይሁን። በሶብላ ያላችሁ እናቶች አበባው ሲደርቅ አንድ የክብሪት ቀፎ ዘር አስቀምጡልን። በጠቅላላ ስብሰባችን ዕለት ይዛችሁ ኑ፤ ለሌላቸው እናከፋፍላለን። ለአገራቸው የሚበቁትም ያቺን የክብሪት ቀፎ ይዘው ይሂዱ፤ መተማም፣ ጎንደርም፣ ሌላም ቦታ ቢሆን ትበቅላለች።