ሥዕሉ አንድ፣ ቋንቋው ሁለት
(በምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ የባች ጓደኞቼ፣ ከእኛ በፊትም ከእኛ በኋላም ከጅማ የተመረቃችሁ እህት ወንድሞቼ፣

አዘጋጆቹ «ከአሰላ ምን ይዘሽልን ትመጫለሽ?» ሲሉኝ ስለ ኮምፒውተር ላወራ መሆኑን አልደበቅኳቸውም። ሐኪም ስለ ሶፍትዌር ሲያወራ እንቅልፍ እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ግን ነገሩ የሚያልቀው ኦ.አር.ኤስ. ላይ ነውና ትንሽ ታገሱኝ።

ለቲቲፒ አጋሮ የወጣን ሁሉ እናስታውሳለን። የጤና ትምህርት ስንሰጥ እናቶች የሚያዩት ጽሑፉን ሳይሆን ሥዕሉን ነበር። አሰላም ያው ነው። ከጢዮ፣ ከዲገሉና ጢጆ፣ ከሌሙና ብልብሎ ከሚመጡት እናቶች አብዛኞቹ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ናቸው፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ አማርኛም ይነገራል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ገብቶ ሰው ሰብስቦ ማስተማር ሲቀር፣ ማታ ማታ አፍተር ኢፌክትስ በሚባለው ሶፍትዌር አጫጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች መሥራት ጀመርኩ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ ያየ ወላጅ የልጆች ፕሮግራም አዋቂንም እንደሚይዝ ያውቃል። እያንዳንዱን ሥራ በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጅ ነበር።

ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ጠርሙሱ አንድ ሌየር ነው፣ እጁ አንድ ሌየር፣ ጽሑፉም አንድ ሌየር። የተደራረበ ግልጽ ፕላስቲክ አስቡ። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮዬ 84 ሌየር ነበረው። ፎቶሾፕ ላይ ሌየሮችን በፎልደር መሰብሰብ ይቻላል፤ እኔ በምሠራበት የአፍተር ኢፌክትስ ቅጂ ግን የጊዜ መስመሩ ላይ እንዲህ ያለ ፎልደር የለም። ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ነል የሚባል የማይታይ ነገር ፈጥሮ ሌሎቹን እሱ ላይ ማሰር ነው። አብረው ይንቀሳቀሳሉ፣ ዝርዝሩ ግን አያጥርም። ሁለተኛው ፕሪኮምፖዝ ነው። የተመረጡት ሌየሮች ወደ ሌላ ኮምፖዚሽን ይገባሉ፤ በቦታቸው አንድ መስመር ብቻ ይቀራል።

እኔ ሁለቱንም አላደረግኩም። የአማርኛውን ጨርሼ ሙሉውን ኮፒ አደረግኩና ጽሑፉንና ድምፁን ወደ አፋን ኦሮሞ ቀየርኩ። በቃ፣ አለቀ ብዬ ነበር።

ቪዲዮው ስለ ተቅማጥ ነበር። መጀመሪያ የሣልኩት ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ወደ ማሰሮ ሲገለበጥ ነው። አንድ ባልደረባዬ «ሁለቴ መቅዳት ያምታታል፣ አንድ የሊትር ሃይላንድ አድርጊው» አለኝ። ልክ ነበር። የአማርኛውን አስተካከልኩ። የአፋን ኦሮሞው ላይ ሁለተኛውን ጠርሙስ አጠፋሁና የቀረውን ሳልቀይር ረሳሁት። ስለዚህ ድምፁ አንድ ሊትር ይላል፣ ሥዕሉ ደግሞ አንዱን ፓኬት በግማሽ ሊትር ይበጠብጣል።

ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም። ለአንድ ሊትር የተዘጋጀ ፓኬት በግማሽ ውኃ ሲበጠበጥ ሶዲየሙ እጥፍ ይሆናል። ሕፃኑ ይበልጥ ይጠማል፤ ሲብስም ያንቀጠቅጠዋል። ደግሞ ተመላላሽ ክፍል ጫጫታ ነው፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ማን ይሰማል? የሚታየው ሥዕሉ ነው።

በሦስተኛው ቀን ቪዲዮው በቴሌግራም የደረሳት አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደወለችልኝ። «ዶክተር፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የትኛውን እንመን? ድምፁን ነው ሥዕሉን?» አለችኝ። ምን ልበላችሁ፣ እግሬ ከዳኝ። ወዲያው አወረድኩት። በዚህ ምክንያት ተጎዳ የተባለ ሕፃን አልሰማሁም። አልሰማሁም ማለት ግን የለም ማለት እንዳልሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ነው ስክሪፕት መጻፍ የተማርኩት። ስክሪፕት ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲፈጽመው የሚጻፍለት ትእዛዝ ነው። ቋንቋው ከጃቫስክሪፕት ጋር ይዛመዳል። የእኔ መቶ መስመር እንኳ አይሞላም። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ሌየር ስም ያነባል፤ ስሞቹ «ጋራ»፣ «አማ» ወይም «ኦሮ» ብለው ይጀምራሉ። «ጋራ» የሚሉትን፣ ጠርሙሱን፣ እጁን፣ ሕፃኑን፣ ሰብስቦ አንድ ኮምፖዚሽን ውስጥ ይከታል፤ የሁለቱም ቋንቋ ቪዲዮ ያንኑ አንዱን ይጠቀማል። ጠርሙሱን አንድ ቦታ ስቀይር ሁለቱም ጋ ይቀየራል። ከዚያ ጽሑፎቹን ያጣምራል። «አማ 3» ካለ «ኦሮ 3» መኖር አለበት፤ በሁለቱ ውስጥ የተጻፉት አኃዞች ካልተመሳሰሉ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ስም ያልተሰጠውን ሌየር አይነካም፣ ዘርዝሮ ያሳየኛል። ካልወደድኩት ደግሞ አንድ ጊዜ መመለስ ሁሉንም ይመልሰዋል።

ጽሑፎቹን ለየብቻ የተውኩበት ምክንያት አለኝ። «ውኃ» በፊደላችን ሁለት ሆሄ ነው፤ አፋን ኦሮሞው «ቢሻን» በቁቤ ሲጻፍ ሰባት ፊደል ይሆናል። ሳጥኑም ጊዜውም አንድ ሊሆን አይችልም።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ደግሞ አስቆኛል። ሌየሮቹን በቁጥራቸው ነበር የምጠራው። ጥቂቶቹ ወደ ፕሪኮምፖዝ ሲገቡ የቀሩት ቁጥራቸው ይለወጣል፤ ስክሪፕቱም የተሳሳተውን ሌየር ያነሳል። እንዴ! ዋርድ ውስጥ «የአልጋ 6 ታካሚ» አትበሉ፣ በስም ጥሩ እየተባልን አልነበር ያደግነው? ታካሚው አልጋ ይቀይራል፣ ስሙን ግን አይቀይርም። አሁን ስክሪፕቱም በስም ይጠራል።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። ስክሪፕቱ ትክክለኛውን ሥዕል ከስህተቱ አይለይም። ጋራ ውስጥ ግማሽ ሊትር ብሥል ስህተቱ አሁን ሁለቱንም ቋንቋ ያዳርሳል። ስለዚህ ከመለቀቁ በፊት ሁለት ሰው ያየዋል። አንዷ አፋን ኦሮሞ አፏን የፈታችበት እናት ናት፤ ድምፁን ዘግቼ አሳያታለሁና «ምን አየሽ? ቤትሽ እንዴት ትበጠብጪዋለሽ?» ብዬ እጠይቃታለሁ። ሁለተኛዋ ያቺ የደወለችልኝ እህታችን ናት። እስከ ዛሬ እሷን ያለፈ ስህተት አላገኘሁም።

ጅማ ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብተን እንድንማር ልካን ነበር። የቀረው ትምህርቴ ከዚያች ስልክ መጣ። በየሄዳችሁበት ቋንቋ ድምፅ የምትሰጡኝ፣ ሥዕሉን ከእናቶች ጋር ሆናችሁ የምታዩልኝ ካላችሁ ከምሳ በኋላ በር ላይ አለሁ። ስክሪፕቱንም ለፈለገ በፍላሽ እሰጣለሁ፣ በነፃ ነው። ሲዳምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ትግርኛ ሲጨመር የሚጨመረው ጽሑፉና ድምፁ ብቻ ነው። ጠርሙሱ አንድ ሊትር ሆኖ ይቀራል።