በግለሰቦች እጅ ያሉ የቀድሞ ጦር ማሠልጠኛ ጄቶችንና አብራሪዎቻቸውን ስለ መለየት



ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ቀለሙ ስላማረው ብቻ ገንዘቡን አይቈጥርም። ሊብሬውን ይጠይቃል፤ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያስተያያል። ዛሬ የምናገርለት ጕዳይም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ ዕቃው የጄት አውሮፕላን መሆኑ ነው።

ከቀዝቃዛው ጦርነት ማብቂያ ወዲህ ብዙ የጦር ማሠልጠኛ ጄቶች፣ ይልቁንም በአሜሪካና በእንግሊዝ፣ ወደ ግለሰቦች እጅ ገብተዋል። ከእነዚህም አንዱ በእኛም አየር ኃይል ዘንድ የሚታወቀው፣ በ1968 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የቼኮዝሎቫኪያ ሥራ ኤል-39 ነው። ዓይነቱን በዓይን መለየት ይቻላል። በእያንዳንዱ ክንፍ ሥር አንድ መሣሪያ ማንጠልጠያ ካለ ኤል-39 ሲ ነው፤ ሁለት ሁለት ከሆነ ዜድ ኦ ወይም ዜድ ኤ ይሆናል፤ ከሆዱ ሥር መድፍ የተገጠመለትም ዜድ ኤ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ መድፉንም ማንጠልጠያውንም ሊያስወልቅ ይችላል። ቀለሙማ ጭራሽ አይታመንም፤ የአንዱን አገር አውሮፕላን በሌላው አገር አየር ኃይል ምልክት አስጊጦ ማብረር የተለመደ ነው። እኔ ራሴ በፎቶግራፍ ብቻ ተመርቼ ተከራክሬ የተረታሁበት ጊዜ አለ።

ሕጉም ለዓይን አያግዝም። በአሜሪካ ከተሠራ 30 ዓመት የሞላው አውሮፕላን የምዝገባ ፊደሉን በ2 ኢንች ቁመት ብቻ መጻፍ ይፈቀድለታል፤ በእንግሊዝም በልዩ ፈቃድ የጦር ቁጥሩን ብቻ ይዞ መብረር ይችላል። እንግዲህ የሚታመነው በአካሉ ላይ የተመታው የፋብሪካ ሰሌዳና ከእርሱ ጋር የሚስማማው መዝገብ ነው።

አብራሪውን መለየት ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። መዝገቡ የሚነግረን ባለቤቱን ነው፤ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ ኩባንያ ነው። በዚያ ቀን መሪውን የጨበጠው ማን እንደ ነበረ መዝገቡ አይናገርም። ስሙ ቢታወቅ እንኳ ለእኛ ለመሐንዲሶች ዋናው ጥያቄ ገና አልተመለሰም፤ ይህ ሰው ይህን አውሮፕላን ምን ያህል ያውቀዋል?

በኦገስት 22 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሾርሃም የበረራ ትርኢት የሆነውን እንመልከት። አውሮፕላኑ ሆከር ሀንተር ቲ7 ነበር፤ መጀመሪያ ባለአንድ መቀመጫ ተዋጊ ሆኖ ተሠርቶ በኋላ ወደ ባለሁለት መቀመጫ ማሠልጠኛ የተለወጠ። በሲቪል መዝገብ ጂ-ቢኤክስኤፍአይ ተብሎ ቢመዘገብም በአካሉ ላይ የሚነበበው የቀድሞው የጦር ቁጥሩ ነበር። ወደ ላይ ወጥቶ በሚገለበጥበት ትርኢት ቢያንስ 3500 ጫማ ሊደርስ ሲገባው 2700 ጫማ ያህል ላይ ተገለበጠ፤ ወርዶም በአውራ ጎዳና ላይ ተከሰከሰ። በምድር የነበሩ 11 ሰዎች ሞቱ። አብራሪው ቆስሎ ተረፈ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በወንጀል ተከስሶ ፍርድ ቤት ነጻ ብሎታል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው የአደጋ ምርመራ ዘገባ ውስጥ ያለ አንድ ሐሳብ ነው፤ አብራሪው በዚያች ቅጽበት ያስታወሰው የሚያበርረውን ሌላውን ጄት፣ የጄት ፕሮቮስትን የከፍታ ልክ ሊሆን እንደሚችል መርማሪዎቹ ገምተዋል። የአብራሪ ፈቃድ በኪስ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ በዚያው ወር በየትኛው ጄት ስንት ሰዓት እንደ በረረ ማወቅ ግን ሌላ ነው።

መርማሪዎቹ ከዚያ ቀደም ብለው በዲሴምበር 2015 እ.ኤ.አ. ያወጡት ልዩ መግለጫ የተናገረው ስለ አስፈንጣሪ መቀመጫዎቹ ነበር። መቀመጫውን የሚተኩሰው ባሩድ ሳይፈነዳ ቀርቶ ከሆነ፣ አብራሪውን ለማውጣት የሚጠጋው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ራሱ ሊሞትበት ይችላል። አንዳንድ ባለቤቶች ባሩዱን ያስወጣሉ፣ ሌሎች እንደ ነበረ ይተዉታል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ በየአውሮፕላን ማረፊያው የምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ እንዲህ ያለ ጄት ለማረፍ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ከምዝገባ ቁጥሩና ከአብራሪው ስም ጋር የመቀመጫው ሁኔታ በጽሑፍ ይቅረብ፤ አንዱም ቅጂ አውሮፕላኑ ከመድረሱ በፊት በእሳት አደጋ ክፍሉ እጅ ይግባ።