ድንኳን፣ ሐይቅና ልጆቻችን
(ሶባ ይኖሩ ለነበሩ ቤተሰቦች በማኅበራችን ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ ቀላል ይመስላል። ከልጆቻችንና ከውሾቻችን ጋር ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለን ስለምናድርበት ጉዞ ነው። ሐሳቡ ለቤተሰቦች ሲቀርብ ግን አንዲት እናታችን «ደግሞ ድንኳን? እስካሁን ያየነው አይበቃንም ወይ?» አሉ። ስለዚህ ስለ ስንቅና ስለ መንገድ ከማውራቴ በፊት ለእርሳቸው መልስ መስጠት ይገባኛል።

እውነታቸውን ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ብዙዎቻችን ከሶባ የወጣነው በእጃችን የገባውን ብቻ ይዘን ነው። በመደኒና በገዳሪፍ አድርገን፣ ጋላባትን ተሻግረን መተማ ስንደርስ፣ ብዙዎቹ ሕፃናት ድንኳን የሚባል ነገር ያዩት በስደተኛ ሰፈር ነበር። ለእነርሱ ድንኳን ማለት ቤት ማጣት ነው።

በእኛ አገር ግን ድንኳን ሌላ ታሪክ አለው። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ውሃ ወርደው የሚያድሩት በድንኳን ነው፤ ሕዝቡም እየዘመረ አብሮ ያድራል። ሠርጋችን በድንኳን ነው፤ ለቅሶኛም የሚቀመጠው በድንኳን ነው። ድንኳን የሚተከለው ወገን ሲሰበሰብ ነው። ልጆቻችን ያላዩት ይህንን ነው፤ ማሳየት ያለብንም እኛ ነን።

ውሃ ዳር መዋልም አዲስ ነገር አይደለም። ካርቱም ሳለን ዓርብ ሲመጣ ቤተሰቡ ተሰባስቦ ወደ ጀበል አውሊያ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 የተጠናቀቀው ግድብ ነጭ ዓባይን እንደ ሐይቅ አስተኝቶታል፤ ዓሣ ተጠብሶ ይበላል፤ ሻይ ይፈላል። ሶባም ብትሆን የጥቁር ዓባይ ልጅ ናት። የጥንቱ የአልዋ ክርስቲያናዊ መንግሥት መዲና ፍርስራሽ ያለው እዚያው ወንዙ ዳር ነው። ልጆቻችን ከጣና የወጣውን ውሃ ታች ሆነው እያዩ አደጉ፤ መነሻውን ግን አላዩም።

ምኞቴ ጣና ማድረስ ነበር። ይሁን እንጂ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ግጭት አለና ልጆች ጭኖ በዚያ መንገድ መሄድ አይገባም። ጣናን ለሰላሙ ቀን እናቆየው። ለአሁኑ የመረጥነው ላንጋኖን ነው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መንገዱ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ ያልፋል። እዚያም ቢሆን ከመነሣታችን በፊት ስለ መንገዱ ጸጥታ እንጠይቅ፤ ሌሊት አንጓዝ።

ባለፈው ጥቅምት ሦስት ቤተሰቦች ሰባት ልጆችና ሁለት ውሾች ይዘን ሞክረነዋል። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን ሌሊት ጫማዋን አላወልቅም ብላ ተኛች። ማንም አልተቆጣትም። በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ከቡቺ ጋር አሸዋው ላይ ስትሮጥ ዋለች፤ ማታ ጫማዋን አውልቃ ድንኳኑ በር ላይ አስቀመጠች። እናትዋ ጫማውን አይታ ዝም ብላ ቡና ማፍላቷን ቀጠለች። እኔ ለዚህ ጉዞ የምከራከረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጥንቃቄው ልግባ። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ በመሆኑ ቆሻሻ የሚመስላቸው አሉ፤ ቀለሙ ግን ከደለሉ የመጣ ነው። ሐይቁ ከቢልሃርዝያ ነፃ ነው ተብሎ ስለሚታወቅ የዋናተኞች ምርጫ ሆኖ ኖሯል። በባቱ ሐይቅና በጣና ግን ቢልሃርዝያ አለና ልጆች ገብተው እንዳይዋኙ። ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ ዳርቻው ላይ የሚፈላ ፍል ውሃ ስላለ ልጅም ውሻም ብቻውን አይለቀቅም። ለወባ አጎበር አንርሳ።

ስለ ውሾቹ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ይሰጥ፤ የምስክር ወረቀቱም ይያዝ። ማንም በውሻ ቢነከስ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። በመንገድ ላይ በየሁለት ሰዓቱ ቆመን ውሃ እናጠጣቸው፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ዘግተንባቸው አንሂድ።

ወደ አቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ስንገባ ውሾቹ ይቅሩ፤ ከአዋቂዎች አንዱ ተራ ገብቶ አብሯቸው ይቆይ። ይህ ለወግ የተባለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች የዌብ ሸለቆ ቀይ ቀበሮዎችን ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የለም።

በላንጋኖ ዙሪያ ያለው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በሶባ ጎረቤቶቻችን ዘንድ የተማርነውን እዚያም እናድርግ፤ ውሻ ወደ መስገጃ ስፍራና ወደ ማድጋ እንዳይጠጋ በገመድ እንያዝ። እረኞቹ ፍየል ይዘው ወደ ውሃው ሲወርዱም ውሾቻችንን እንሰብስብ። ሰላምታ እንስጥ፤ እንጨትና ወተት ከእነርሱ እንግዛ፤ ቆሻሻችንን ይዘን እንመለስ።

አቅም የሌለው ቤተሰብ በድንኳን ምክንያት እንዳይቀር ያለው ለሌለው ያካፍል። ውሻውን ካርቱም ትቶ የወጣ ልጅም አለ፤ ከሌላው ልጅ ውሻ ጋር ይጫወት። አዛውንቶቻችንም አብራችሁን ኑ፤ እሳት ዙሪያ ስለ ሶባ የሚተርክልን ሰው ያስፈልገናል።

ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውስጥ ለልጆቹ የትምህርት ዕረፍት የሚመቸውን ቀን አብረን እንቁረጥ። እግዚአብሔር ለሱዳንም ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን።